ኦቾሎኒ የተጠቀለለበት ነፋስ

የሰው ባል ከሶቭየት ኅብረት ሲመለስ ፍሪጅ ይዞ ይመጣል። ቢያጣ ቢያጣ ቴፕ ሪከርደር አያጣም። የአንጀሊና ባል ኦጅዋክ ግን ይዞ የመጣው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ ወረቀት ነበር። ጋምቤላ ይህን ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አንጀሊናም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሳጥኑን እንደ ጣውንት ነበር የምታየው።

ኦጅዋክ የሄደው የአየር ጠባይ ትምህርት ሊማር ነበር። ለልምምድ ብለው ሰሜን ዋልታ አጠገብ፣ ፀሐይ ለወራት ከማትወጣበት በረዶ መሀል ካለ ጣቢያ ላኩት። እዚያ ሥራቸው ፊኛ መልቀቅ ነው። በጨለማ እንዲታይ ከፊኛው ሥር ትንሽ መብራት ያስሩና ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው፣ በምን ፍጥነት እንደሚወስደው እየተከተሉ ይጽፋሉ፤ ለየቀኑ አንድ ወረቀት። አውሎ ነፋስ ተነስቶ ፊኛ ያልለቀቁ ዕለትም «አልለቀቅንም፤ ምክንያቱ ይህ ነው» ብለው ይጽፋሉ እንጂ ያላዩትን አይጽፉም። ይህን ኦጅዋክ ለሚስቱ ስንት ጊዜ እንደነገራት እግዜር ይወቀው።

በኋላ አገሪቱ ስትፈርስ ጣቢያው ነዳጅ አጣ። ሰዎቹም በብርድ ከመሞት ብለው የዓመታት መዝገባቸውን ምድጃ ውስጥ ይማግዱት ጀመር። የጣቢያው ሽማግሌ አለቃ ከእሳት የተረፈውን ሰብስቦ ለኦጅዋክ ሰጠው። «ወደ አገርህ ውሰደው» አለው። «በሞቃት አገር ወረቀት አንድዶ የሚሞቅ ሰው የለም።» ሽማግሌው ኦቾሎኒ የሚባል ነገር መኖሩን አላሰበም።

ጋምቤላ ክልል ሆና አዳዲስ ቢሮዎች ሲከፈቱ ኦጅዋክ በአንዱ ተቀጠረ። የሚኖሩበትን ቤት ምስጥ ስለወረረው ሳጥኑን በቢሮው ዕቃ ቤት አስቀመጠ። ክረምት ሲገባ የባሮ ወንዝ ሞልቶ የኢታንግን ከተማ አሰጋና የውሃውን ከፍታ እንዲለካ ላኩት። እሱ በሄደ በሳምንቱ ከአዲስ አበባ አዳዲስ ወንበሮች መጡ።

የቢሮው ኃላፊ አቶ መልአኩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ግን ይወዳል። እንግዶች ለስብሰባ እየመጡ ነበርና አሮጌው ዕቃ ሁሉ ይውጣ፣ ዕቃ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ይሁን አለ። ዘበኛውም ሳጥኑን ጎትቶ ከኒሙ ዛፍ ሥር ጣለው። ከላይ ያገኘውን አንድ እስር ወረቀት ደግሞ ለኦቾሎኒ ሻጮች አደለ።

አንጀሊና ገበያ ወጥታ ኦቾሎኒ የገዛችው በዚያው ቀን ነው። እየቆረጠመች መጠቅለያውን ፈታ ስታደርግ ወገቡ ላይ ጭረት ያለበት ሰባት ቁጥር አየች። በጋምቤላ ሰባትን እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባሏ ነው።

«ይህን ወረቀት ማን ሰጠሽ?» አለቻት ሻጯን። ሻጯ ወርቅነሽ ትባላለች፤ በሰፈራ ከመጣች ጀምሮ እዚያው ቦታ ተቀምጣ የምትሸጥ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናት።

«የቢሮው ዘበኛ። ምነው እህቴ፣ ኦቾሎኒው መረረሽ?»

«የባሌ ነው።»

«አሃ፣ ያ የበረዶው ሰውዬ! በይ ንገሪው፤ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይቀደድም።»

ገበያው ሳቀ። አንጀሊና ራሷ ስንት ጊዜ «በዚህ ወረቀት እሳት ባያያዝኩበት!» ብላለች። ግን እሷ በቤቷ ብትረግመው አንድ ነገር ነው፤ ባሏ በሌለበት፣ ከብርድና ከእሳት ያተረፈውን ወረቀት ሰው ሁሉ ዘይት ሲጠርግበት ማየት ሌላ ነገር ነው።  በራሷ ላይ የነበረውን ሳፋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችና በወርቅነሽ ፊት የተጠቀለለውን ኦቾሎኒ አንድ በአንድ እየፈታች ትገለብጥበት ጀመር።

«አበድሽ እንዴ ሴትዮ!» ወርቅነሽ ብድግ አለች።

«ኦቾሎኒሽን አልፈልግም። ነፋሱን መልሺልኝ። ብርድ እየበላው የጻፈው ነው!»

ወርቅነሽ የአንጀሊናን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠች። ባሏን ቀብራ የማስታወሻ ፎቶ እንኳ የሌላት ሴት ናት። ዞር ብላ ለሌሎቹ ሻጮች «እናንተ! የሴትዮዋን ነፋስ መልሱ!» ብላ ጮኸች። ያን ቀን ጋምቤላ ኦቾሎኒ በመዳፏ ተቀብላ በላች።

አንጀሊና የተሰበሰበውን በየወረቀቱ ጥግ ባለው ቀን ደረደረችው። የአንድ ወር መዝገብ ነው። ሁሉም ተገኘ፣ ከአሥራ ዘጠነኛው ቀን በስተቀር። እሱን አንድ ወርቅ ቆፋሪ ኦቾሎኒ እንደተጠቀለለበት ይዞ ወደ ወርቅ ማውጫው ዲማ በሚሄድ መኪና ላይ ተሳፍሯል።

ከገበያ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄደች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሳጥኑን መምታት ጀምረዋል። ዘበኛው ሊከለክላት እጁን ሲዘረጋ «ንካኝ!» አለችው፤ አልነካትም። ሳጥኑን እየጎተተች አዳራሹ አስገባች፣ ከፈተችው፣ ወረቀቱንም በአዲሶቹ ወንበሮች ላይ አስቀመጠች፤ በየወንበሩ አንድ እስር። ከዚያ ባዶው ሳጥን ላይ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

አቶ መልአኩ ሲገባ አዳራሹ ሞልቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንግዶች» አለች አንጀሊና። «ቀድመው መጡ።»

«ነገ ስብሰባ አለብኝ! የሰሜን ዋልታ ነፋስ ለጋምቤላ ምን ያደርግላታል?»

የአንጀሊና አማርኛ ለአለቃም ለዘበኛም አንድ ነው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም። «አንተም ከሩቅ ነው የመጣኸው» አለችው። «ምን ታደርግልናለህ ብሎ ዝናብ ላይ የጣለህ ሰው አለ? ይሄም ይቀመጥ። መደርደሪያ ስጠው፣ እኔ እነሳለሁ።»

«የባልሽን እንጀራ እየዘጋሽ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።» ታውቅ ነበር፤ ግን አልተነሳችም።

አቶ መልአኩ ወንበሮቹን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ሴትዮዋን በኃይል ቢያስወጣት ነገ ገበያው ሁሉ በሩ ላይ እንደሚቆም ገባው። በመጨረሻ የጥግ መደርደሪያውን ሰጠ፤ ግን የጎደለ ወረቀት እንዳለ ከእሷ ሲሰማ ተቆጣ። «እኔ በምመራው ቢሮ ጠፋ የሚባል ነገር አይጻፍም። ኦጅዋክ ሲመጣ የጎደለውን ቀን ይሙላው። ካልሞላ ሌላ ሥራ ይፈልግ።»

ኦጅዋክ በማግስቱ ጠዋት ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከኢታንግ ገባ። የሆነውን ሁሉ አንጀሊና ነገረችው። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር ተቀምጦ የአሥራ ስምንተኛውንና የሃያኛውን ቀን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋ።

«ቀላል ነው» አለ በአኙዋክ ቋንቋ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «የሁለቱን መካከል እወስዳለሁ። ማንም አያውቅም።»

«ያን ቀን ነፋሱን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታስታውሰዋለህ?»

«አላስታውሰውም።»

«እንግዲያው ምን ልትጽፍ ነው? እኔ ገበያ መሀል የተሳቀብኝ ለውሸት ነው?»

ኦጅዋክ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ከሥራዬ ያባርሩኛል፣ አንጀሊና።»

«ያባርሩህ! አሣ እናጠምዳለን። አንተ ያልከኝ ያላዩትን አይጽፉም ነው።» እስክሪብቶውን አንስታ ባዶ ወረቀት ሳበች። እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች፤ ፊደሎቿ ትልልቅና ጠማማ ናቸው፣ ግን ይነበባሉ።

እንግዶቹ ሊገቡ ሲሉ አቶ መልአኩ መደርደሪያውን ሊያይ መጣ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቦታ የተቀመጠውን ወረቀት አንስቶ አነበበ። «ፊኛ ተለቋል። ነፋስ ተለክቷል። ወረቀቱን ጋምቤላ ያለው ቢሮ ለኦቾሎኒ መጠቅለያ ሰጥቶታል፤ ስለዚህ የዚህ ቀን ነፋስ አይታወቅም።»

ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «ኦጅዋክ! ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ታች አንብብ» አለችው አንጀሊና።

ታች፣ ነገሩን ያየው ተመልካች ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ አንጀሊና የሚል ተጽፏል።