የሐሙሱ የውሃ ጠብ

የበረሃ ከተማችን ዓይን ተምራ እዚህ በተሠራው ሆቴል የማስታወቂያ ወረቀት ላይ የሦስት ሺህ ዓመት ባለታሪክ ናት። ሮማውያን በምንጯ ታጥበዋል፣ የግመል ነጋዴዎች ከበረሃው ወጥተው ጥላዋ ሥር አርፈዋል። ምንጩ ዛሬ የማንን መዋኛ ገንዳ እንደሚሞላ ግን ወረቀቱ ትንፍሽ አይልም።

ባሌ ላዝሃር አርባ የተምር ዛፎች አሉት። ዘንድሮ ፍሬው ሊበስል ሲል ቦያችን ደረቀ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከቆየ የዓመት ልፋታችን አፈር በላ። ባሌ ያልጮኸበት ቢሮ የለም፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

በመጨረሻ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ናጂብ፣ ልጅ ሳለ አዝዬ ያሳደግኩት፣ ቤታችን መጣ።

«አጎቴ ላዝሃር፣ እንግዶቻችን ታሪክ ይወዳሉ። የድሮ ገበሬዎች በውሃ ተራ እንዴት ይጣሉ እንደነበር ሐሙስ ሐሙስ ብታሳዩልንስ?»

«የድሮ?» አልኩት እኔ። «ትናንት ባሌና ጎረቤታችን ሃሚዳ በውሃ ተራ አካፋ ሲማዘዙ አላየህም?»

«እሱኑ ነው የምልሽ አክስቴ! ልምምድ እንኳ አያስፈልጋቸውም።»

ጩኸታችንንም ቀምቶ ሊሸጠው ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ባሌ ግን እሺ አለ።

ሐሙስ ከሰዓት እንግዶቹ ገንዳው ዳር ተኮለኮሉ።

«ተራዬን የሰረቅክ ሌባ!» አለ ባሌ።

«ሌባስ አባትህ!» አለ ሃሚዳ።

ባሌ ድንገት ወደ ገንዳው ዞረ። «ሃሚዳ፣ እኛን ምን ያጣላናል? ሌባው ይኸው ተንጣሎ ተኝቷል!» ብሎ ሮጠና ውሃውን ወደ ገንዳው የሚመልሰውን ሳንቃ በአካፋው ፈነቀለው። ውሃው ወደ ቦያችን ገባ።

እንግዶቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ! ናጂብ እየሮጠ ደረሰ፤ ጭብጨባውን ሲያይ ግን ሳቅ አለና ጠበቀ። ሲበርድ ሳንቃውን መለሰው። በሳምንቱ ትርኢቱ ላይ ጨመረበት፦ እንግዳ እስካጨበጨበ ውሃው ይፈሳል፣ ጭብጨባው ሲያበቃ ይዘጋል።

እንግዳ ደግሞ ቶሎ ይሰለቸዋል። ሦስተኛው ዛፍ ሳይጠጣ ሁሉም ወደ ብርጭቆው ዞረ።

ስለዚህ ዛሬ መንደሩ ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ያጨበጭባል።

«አክስቴ፣ ይበቃል እንጂ! ትርኢቱ እኮ አልቋል» አለኝ ናጂብ፣ እየተጨበጨበ እንግዳ ፊት ሳንቃውን መዝጋት ቢቸግረው።

«ደስ ብሎን ነው ልጄ» አልኩት፣ ሳላቆም።

መዳፌ ነደደ። ውሃው ገና አሥራ አንደኛው ዛፋችን ሥር ነው። የሃሚዳ ሚስት አጠገቤ ቆማ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ከእኔ አብልጣ ታጨበጭባለች። የእነሱ ዛፎች በዚሁ ቦይ ከእኛ በታች ናቸው፤ ውሃው የሚደርሳቸው የእኛ አርባ ከጠጡ በኋላ ነው።