የአርቪድ ሞተር ከበረዶ በፊት

ባሌ አርቪድ በሞተ በሰባተኛው ሳምንት፣ ሬዲዮው ማታውን ብርዱ ከዜሮ በታች ስምንት ዲግሪ እንደሚደርስ ተናገረ። ጀልባችን ከባሕር ወጥታ ግቢ ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጣለች፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ሞተር ግን የበጋውን ውሃ እንደያዘ ነው። ውሃው በረዶ ከሆነ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። አርቪድ ያንን ሞተር ሠላሳ አንድ ዓመት በደህና አክርሞታል። በመጀመሪያው ዓመት እኔ እጅ ላይ እንዲሞት አልፈለግሁም።

የአርቪድ ወንድም ሌናርት ሁለት ጀሪካን አንቲፍሪዝ፣ በብርድ በረዶ የማይሆን ፈሳሽ፣ ይዞ መጣ።

«ለምን ሁለት?» አልኩት።

«አንዱን ካበላሸሽውስ?»

«እኔ ባልዲዬን አውቃለሁ።»

እውነቴን ነው፤ ሥራችን የተከፋፈለ ነበር። አርቪድ ሞተሩ ጋ ይንበረከካል፣ እኔ ደግሞ ባልዲውን እየሞላሁ ከኋላ ውሃውም የሚወጣበትን የጭስ ማውጫ አያለሁ። ሮዝ ቀለም ያለው አንቲፍሪዝ መውጣት ሲጀምር «ሮዝ» ብዬ እጣራለሁ፤ እሱ ያጠፋል።

«እኔ ደግሞ ሞተሩን አውቃለሁ» አለ ሌናርት።

«ያንተ ሞተር እኮ ከጀልባህ ኋላ የሚንጠለጠል ነው። እንደ ቦርሳ አውልቀህ ቤት ታስገባዋለህ።»

የሞተሩን የውሃ መሳቢያ ጎማ ባልዲው ውስጥ ከተትን፣ አንቲፍሪዙን ገለበጥንበት፣ ከጭስ ማውጫው ሥር ሳፋ አስቀመጥንና ሌናርት አስነሳው። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሳ። ባልዲው ወዲያው ጎደለ።

«ሮዝ» አልኩ።

ሌናርት አጥፍቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ። «ይኼ ነው? ወንድሜ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሥራ ይኼ ነው?»

እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነው። አርቪድ መጀመሪያ በቧንቧ ውሃ ያስነሳውና እየጮኸ ይተወዋል። ከዚያ ወጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ከፔርሙሱ ቡና ይቀዳል፣ ሄል ያለበት ዳቦ ይቆርሳል፣ ጎረቤት ያማል። ነዳጁ ያሳዝነኝና እቆጣለሁ፤ እሱ ዳቦውን እያቀበለ «ብዪ» ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስንፍና ነው ብዬ ተናድጄበታለሁ።

«ሌናርት፣ ሞተሩን በእጅህ ንካው እስቲ።»

«ምን ልሁን ብዬ?»

«ንካው።»

ጎንበስ አለ። «ቀዝቃዛ ነው።»

«አርቪድ ቡና የሚጠጣው እስኪሞቅ ነበር።»

ሌናርት ቀና አለ። «ቴርሞስታቱ» አለ። «ውሃውን ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው በር ነው፤ ሞተሩ ካልሞቀ አይከፈትም። ያፈሰስነው ሁሉ በጎን አልፎ ወጥቷል።»

«ዋናው ብረት፣ ሞኖብሎኩ ውስጥ ያለው ታዲያ ምንድነው?»

«የበጋው ውሃ።»

«ሞተሩን አውቃለሁ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ሮዝ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

የቧንቧውን ውሃ ባልዲው ውስጥ ለቀን እንደገና አስነሳነው። ቡና አላዘጋጀሁም፤ ባዶ እጃችንን የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጥን።

«አርቪድ እኔን ያማኝ ነበር?» አለ ሌናርት።

«በየዓመቱ።»

«ምን እያለ?»

«የሚንጠለጠል ሞተር የገዛ ሰው እንዴት ወንድሜ ይሆናል እያለ።»

እስኪያስለው ሳቀ። ዓይኑን በዚያው ዘይት በነካው ጨርቅ ጠረገና ፊቱ ጥላሸት ሆነ። አልነገርኩትም።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወርጄ ሞተሩን ነካሁት፤ እጄ አልቆየበትም። ቧንቧውን ዘጋንና ሁለተኛውን ጀሪካን ገለበጥን። አሁን መጀመሪያ የወጣው ዝገት የመሰለ ውሃ ነው፤ ብዙ ወጣ። ከዚያ የሳሳ ሮዝ መጣ። አልተጣራሁም። ሌናርት ከታች «አልወጣም?» እያለ ይጠይቃል፤ «ቆይ» እለዋለሁ። ባልዲው ሊያልቅ አንድ ጣት ሲቀረው ደማቁ መጣ፤ ያኔ ነው የተጣራሁት።

ሌናርት ግን አላመነኝም፤ እኔም ራሴን አላመንኩም። ሞኖብሎኩ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቡሎን በቁልፍ ፈታ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። በዝገት የተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ጭራሮ ሲከት ግን ደማቅ ሮዝ እጅጌው ላይ ፈሰሰ።

ሌናርት ያንን እያየ ማልቀስ ጀመረ። በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀሰም ነበር። እስኪጨርስ ብጠብቀው ግን ሞተሩ ባዶውን ሊቀር ነው፤ ገፋ አድርጌው ቁልፉን ተቀበልኩትና ቡሎኗን ራሴ አጠበቅኋት።