ከዱባይ የሚጠበቅ ቦርድ

ባለቤቴ ፋንታሁን መጠበቅ አይወድም። መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ መቀመጥ ያንገበግበዋል፤ እኔ ነጠላዬን እስክለብስ ድረስ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፍ ያንቃጭላል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ መዳፍ የማትሞላ አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሦስት ዓመት የጠበቀ። ያውም ሳያማርር፣ ያውም እየሳቀ።

ቦርዷ ለጌሙ ናት። ጌሙን ደግሞ፣ ነገሩን ከሥሩ ልናገረውና፣ የላከችለት ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ናት። ሀይማኖት ትባላለች፣ የዳንግላ ልጅ ናት። ሽማግሌ ሁሉ ልኮባት ነበር ይባላል። ከዚያ ዱባይ ሄደች፤ በሄደች በዓመቱ ያንን ጥቁር ፕሌስቴሽን ሰው አስይዛ ላከችለትና ነገራቸው እንዲሁ ቀዘቀዘ። እኔን ሲያገባኝ ይዞት ከመጣው ዕቃ ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በካርቶን የታሸገው ጌሙ ብቻ ነበር። ሳህኖቹ ተሰባብረው ነው የደረሱት።

እንጅባራ ላይ ያለችን ሱቅ አንድ ናት፤ በቀርከሃ ግድግዳ ለሁለት ከፍለናታል። በወዲህ በኩል እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ በወዲያ እሱ ሞባይል ይጠግናል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ጌሙን ይከፍታል። ቀርከሃ ደግሞ ነገር አይሸሽግም። የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ሲስቅም፣ ሲያንጎራጉርም፣ ለብቻው ሲያወራም እሰማዋለሁ።

ጌሙ አርጅቷል። ሲዲ የሚያነብበት ዓይኑ ፈዟል። በዚያ ላይ ጠፍጣፋውን ቴሌቪዥን ከገዛን ወዲህ ምስሉ ደበዘዘና ኳስ ተጫዋቾቹ ጉም ውስጥ የሚራወጡ በጎች መሰሉ። አዲስ ግዛ ብለው ጓደኞቹ መከሩት፤ ከሁሉም አብልጬ እኔ መከርኩት። እምቢ አለ። አንድ ፈረንጅ አለ አለኝ፣ ከሥራ መልስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለእንዲህ ያሉ አሮጌ ጌሞች በእጁ ቦርድ የሚሠራ። ቦርዷ ውስጡ ከተበየደች ሲዲ ቀረ፤ ጨዋታው ሁሉ ከአንዲት ሚሞሪ ይነሳል፣ ምስሉም ይጠራል። ታዲያ ሰውየው ሱቅ የለውም፤ ተመዝግቦ ተራ መጠበቅ ነው። ወደ እኛ አገርም አይልክም። ወደ ዱባይ ግን ይልካል።

ዱባይ ማን እንዳለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ምዝገባው በሀይማኖት ስም ሆነ፤ የፈረንጁ መልእክት ሁሉ የሚደርሰው ለእሷ፣ ከእሷ አፍ የሚሰማው ደግሞ ባሌ። እንደ እህት ናት አለኝ። እህቱን አውቃታለሁ፤ ለእህቱ ሲደውል ፀጉሩን አያበጥርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኔ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠረጠርኩ።

ሀይማኖት የምታርፈው እሑድ ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ ፋንታሁን ስልኩን ይዞ ከሱቁ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ይቆማል፣ ኔትወርክ እዚያ ይሻላል ብሎ። ይስቃል። ደግሞ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። እኔ ስናገር እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሲመለስ ፊቱ በርቶ የሰማውን ያወርድልኛል። መጀመሪያ ፈረንጁ የሚጠቀምባት አንዲት ዕቃ ከገበያ ጠፋችበት። ቀጥሎ እጁን አመመውና መበየድ አቃተው። ሲሻለው ቤት ለቀቀ፣ መሣሪያው ሁሉ ካርቶን ውስጥ ነው ተባለ። አዲሱ ቤት ሲገባ ደግሞ ሚስቱ ወለደች፤ ጨቅላው ሆዱን እየቆረጠው ሰውየውን እንቅልፍ ነሳው። ፋንታሁን ይህን ሁሉ እንደ ዘመድ ወሬ ነበር የሚቀበለው። የገዛ እህቴ ስትወልድ ወንድ ይሁን ሴት ለማስታወስ የተቸገረ ሰው፣ ላላየው ፈረንጅ ልጅ ሆድ ምሳው ላይ ሲተክዝ አየሁት።

ቀናሁ፣ ምን ላድርግ። በቦርዷ ቀናሁ፣ በፈረንጁ ቀናሁ፣ በጨቅላው ሳይቀር ቀናሁ። ከሁሉም በላይ ግን ሳምንቱን የሰው ቤት ስታጸዳ ከርማ በዕረፍቷ ቀን ባሌን ዛፍ ሥር በምታስቀው ሴት ቀናሁ። ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሰው የሚጠብቀው ቦርዷን ነው ወይስ ልጅቱን? ቦርዷን ከሆነ ስቄ እተወዋለሁ። ልጅቱን ከሆነ የልብስ መኪናዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ ግምጃ ቤት ከተማ እናቴ ጋ እገባለሁ። ለራሴ ቆርጬ ነበር።

ጥር ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ ሀይማኖት ለዕረፍት መጣች ተባለ፤ ቦርዷንም ይዛታለች። ፋንታሁን ዳንግላ ደርሶ ሊመጣ ተነሳ። አይሆንም አልኩት። ሽማግሌ የላከ ወንድ ብቻውን ሄዶ ደጇ ቢቆም አገር ምን ይላል? ባለትዳር ሰው እንኳን ደህና መጣሽ የሚያሰኘው በሚስቱ ነው፤ የሄደችውም አደራውን ተቀብላ ትመጣለች፤ ወጉ እንዲህ ነው። ተከራክሮ ይረታኛል ብዬ ስፈራ ወዲያው እሺ አለ። ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስተማረኝ። ውሃ እንዳይነካት፣ እንዳትጫናት፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ እንዳስቀምጣት። ማለዳው ውርጭ ነበር፤ ደርበሽ ልበሽ አላለኝም።

እኔ ግን ለጦርነት የሚሄድ ሰው ሆኜ ነበር የለበስኩት። ሹሩባ ተሠራሁ፣ የሠርጌን የጆሮ ወርቅ አደረግሁ፣ በእጄ የሰፋሁትን ቀሚስ ለበስኩ። ደንበኞቼ ለበዓሉ የሚፈልጉት ልብስ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ እንደተከመረ ተውኩት። ማርም ያዝኩ፤ ጠላት ቤትም ቢሆን ባዶ እጅ አይገባም።

እናቷ ወይዘሮ ደጊቱ አገላብጠው ሳሙኝና ማሬን ተቀብለው ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ቤቱ እንኳን ደህና መጣሽ ባይ ሞልቶበታል፤ የሚበዙት ከአዲስ አበባ የመጡ የአጎቷ ቤተሰቦች ናቸው። ሀይማኖት መካከል ላይ ሻንጣዋን ከፍታ ተቀምጣለች። ቆንጆ ብትሆን ልናደድ፣ ባትሆን ልደሰት ተዘጋጅቼ ነበር። ያገኘኋት የደከማት ሴት ናት። የእጆቿ ቆዳ በማጽጃ ተልጧል፣ ከዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራት ስሜን ጠርታ ተነስታ ሳመችኝ።

አደራውን ለየባለቤቱ ታድል ጀመር። ለአንዱ ጫማ፣ ለአንዷ ሻርፕ፣ ለጎረቤት ልጅ ሽቶ፤ ለሁሉም የላኪውን ስም እየጠራች። የእኔ ተራ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ከሻንጣው ጥግ የሱፍ ካልሲ አወጣች፣ ከካልሲው ውስጥ ትንሽ ካርቶን። እኔ ዓይኔ የተለማመደው ጨርቅ ነው፤ ያገለገለና ያላገለገለ ነገር ከሩቅ እለያለሁ። የካርቶኗ ማዕዘን ተፋፍቆ ጸጉር አውጥቷል፣ ማሸጊያው ሙጫ ደርቆ ተላቅቋል። ፈረንጁ ሰሞኑን የላከው አይመስልም አልኳት።

ሀይማኖት እንግዶቹን አየት አደረገች። እናቷ ጓዳ ናቸው፤ አደራቸውን የተቀበሉት የሰፈር ሰዎችም ወጥተዋል። የአዲስ አበባዎቹ አገውኛ እንደማይሰሙ ሁለታችንም እናውቃለን። ፈገግታዋን ሳታጠፋ ቋንቋውን ብቻ ለወጠች።

"ከደረሰችኝ ዓመት ሊሞላት ነው" አለችኝ።

ካርቶኗን ከእጇ ተቀበልኳት።

"ብነግረው መደወሉን ይተዋል። አንድ ቀን እንዴት ነሽ ብሎኝ አያውቅም። ስልኩን ሲያነሳ አፉን የሚፈታው በቦርዷ ነው፤ ወሬ ካለኝ ይሰማኛል፣ ወሬ ከሌለኝ ቶሎ ይዘጋል። ስለዚህ ወሬ ፈጠርኩ።"

የጠፋችው ዕቃና የእጁ ሕመም እውነት መሆናቸውን ነገረችኝ። ቤት መልቀቁስ አልኳት። የእኔ ነው አለች። ሚስቱስ፣ ጨቅላውስ? ሰውየው ሚስት ይኑረው አይኑረው እንደማታውቅ፣ ጨቅላው ግን እሷ የምታሳድገው የአሠሪዎቿ ልጅ እንደሆነ ነገረችኝ። የሆድ ቁርጠቱንም ከእሱ ነው የወሰደችው። ይህን ስትል እንግዶቹ የሚያስቅ ነገር የምናወራ መስሏቸው አብረውን ፈገግ አሉ።

ልጮህ አማረኝ። ዓመት ሙሉ ባሌን በገመድ ይዛ ከዛፍ ሥር ስታቆመው፣ እኔ ደግሞ ባልተወለደ ሕፃን ስቀና! አደራ በላ ብዬ በቤተ ዘመዷ ፊት ባዋርዳት የሚፈርድብኝ አልነበረም። ደግሞም ጥያቄዬ ተመልሷል፤ ሰውየው የጠበቀው ቦርዷን ነው። መኪናዬን ባጃጅ ላይ አልጭንም። ግን ደስታው አልመጣልኝም፤ ካርቶኗን ጭኔ ላይ ይዤ የተላጡ እጆቿን እያየሁ ተቀመጥኩ።

"አንችስ?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቤት ስትገቢ እንዴት ዋልሽ ይልሻል?"

"ሲለኝ ነው የሚውለው" አልኳት።

ዓይኗን ወደ ሻንጣው መለሰች። ቀናችብኝ፤ ፊቷ ላይ አየሁት፣ ቅናትን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቀዋል። በሌለኝ ነገር ነው የቀናችብኝ። እሱንም ቢሆን አሳልፌ ልሰጣት አልፈለግኩም። ስልኬን አውጥቼ ቁጥሬን አስመዘገብኳት፤ ከእንግዲህ ለፋንታሁን ነገር ካለሽ የምትደውይው ለእኔ ነው አልኳት። እሺ አለች፣ እንደ ልጅ።

ሚኒባሱ ውስጥ አደራዬን ጭኔ ላይ አድርጌ አስብ ነበር። ውሸቷን ብነግረው ይናደድባታል። ግን አንዲት ሴት ድምፁን ለመስማት ብላ ዓመት ሙሉ ስትዋሽ እንደኖረች ማን ወንድ ይረሳል? ንዴቱ ሲበርድለት ነገሩ ይጣፍጠዋል። ለዚያች ሴት እንዲህ ያለ ስጦታ አላቀብልም። አፌን ልዘጋ ወሰንኩ።

ፋንታሁን ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ያየው እጄን ነው። ካርቶኗን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ጌሙ ቀድሞ ተፈታቶ፣ ብሎኖቹ በሳህን ተለቅመው ተቀምጠዋል። የመበየጃው ብረት ግሏል። እኔ ከነሹሩባዬ፣ ከነወርቄ በሩ ላይ ቆምኩ። ሲበይድ፣ ሲያጎነብስ፣ በባትሪ ሲያይ፣ እንደገና ሲበይድ ቆየ። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ በራ። እውነት ለመናገር ምስሉ ድንቅ ነበር፤ የተጫዋቾቹ ማሊያ ላይ ያለው መስመር ሳይቀር ከቆምኩበት ይታየኛል። ፋንታሁን መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ለብቻው ሳቀ። ብዙ ጊዜ እንዲያ ሲስቅ የሰማሁት በቀርከሃው በኩል ነበር፤ ፊቱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ሀይማኖት ይጠይቀኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ደህና ናት ወይ፣ ከሳች ወይ፣ መቼ ትመለሳለች። ምንም። መንገዱ እንዴት ነበር፣ በልተሻል ወይ፣ በርዶሻል ወይ። እሱም የለም። ስለ እሷ እንዳይጠይቅ ነበር እስከ ዳንግላ ተሸልሜ የሄድኩት። አሁን ባለመጠየቁ ስለ እሷ ከፋኝ፣ ቀጥሎ ስለ እኔ ከፋኝ። ወደ ክፍሌ ተሻግሬ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። የተቆረጠውን ጨርቅ አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ተነስቼ ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ፈረንጁ ሌላ ጀምሯል" አልኩት።

ጣቱ መጫወቻው ላይ ቆመ።

"ምን ሌላ?"

"ከዚህ የሚበልጥ። ገና ነው፤ ግን ጀምሯል። ወሬው ሲመጣ የሚመጣው በእኔ ስልክ ነው።"

መጫወቻውን አስቀመጠ። ደንበኞች የሚቀመጡበትን በርጩማ ወደ ራሱ ሳበና በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው። ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ።

"ነይ እስኪ ቁጭ በይ" አለኝ። "ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ ምንም እንዳታስቀሪ።"

ተቀመጥኩ። ጸጥ ብሎ እያዳመጠኝ ነበር፤ እኔም የፈረንጁን አዲስ ሥራ ከመጀመሪያው አንስቼ መናገር ጀመርኩ።