የባልቴቷ ዘነዘና

ጦሩ ጎባ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ደብተራ ኃይለየሱስ ማንም ሳያዘው፣ በገዛ ብራናው፣ ከልቡ የፈለቀ ታሪክ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን የጻፈውን ለሰፈሩ ሰው አነበበ። በታሪኩ ቤቷ የተቃጠለባት ባልቴት አቃጣዩን ወታደር በዘነዘና አናቱን ብላ ገደለችው።

ባሻ ጎበዜ ከአድማጮቹ መሃል ተነሣ። የደብተራውን ቀኝ እጅ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ ጣቶቹን በጠመንጃ ሰደፍ አደቀቃቸው።

«የገደልከው እኔን ነው» አለው።

«ስምዎን አልጻፍኩም፣ ባሻ።»

«ሲናና ላይ ቤት ያቃጠልኩት እኔ መሆኔን ሰዉ ሁሉ ያውቃል። አሁኑኑ ከሞት አስነሣኝ።»

ኃይለየሱስ ጥርሱን ነክሶ ብዕሩን በግራ እጁ ያዘ። ደሙ ብራናው ላይ እየተንጠባጠበ ወታደሩን ከሞት አስነሣው።

ከዚያም ዘነዘናውን ለባልቴቷ መልሶ አስጨበጣት።