ሥራ ፈቱ ዲስክ

የሲፒዩውን ክዳን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ባትሪውን ነው። ሰዓት እንድትጠብቅ ዋናው ሰሌዳ ላይ የተበየደችው ትንሽ ባትሪ ፈንድታ አረንጓዴ ነገር አፍስሳለች፤ አረንጓዴው በመዳብ መስመሮቹ ላይ እንደ ሻጋታ ተስፋፍቷል። ብዙ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሞተው በዚህ ነው። ሰው አክብሮ በላስቲክ ይጠቀልለውና ቁም ሣጥን አናት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ባትሪዋ ግን ውስጥ ሆና ቀስ እያለች ትበላዋለች።

«ተስፋ አለው?» አለች እህቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና። እጇ አረፋ በአረፋ ነበር።

«እንጃ። መስመሮቹ ካልተበሉ ይነሳል።»

«አንተ እኮ ስለ ሰው ስትጠየቅም መልስህ "እንጃ" ነው።»

የጥርስ ብሩሽ ኮምጣጤ ውስጥ ነክሬ አረንጓዴውን መፈግፈግ ጀመርኩ።

አባታችን መስኮቱ አጠገብ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ጭኑ ላይ ይውላል። እግሩ ተመልሷል፤ ንግግሩም ጥቂት ጥቂት መጥቷል። «አዎ» ይላል፣ «ተው» ይላል፣ «ውሃ» ይላል። እጁ ግን እምቢ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በመጣች ቁጥር ቢጫ የጎማ ኳስ መዳፉ ውስጥ አስገብታ «ይጭመቁ አባባ፣ ይጭመቁ፣ አሁን ይልቀቁ» ትለዋለች። እሱ ኳሱን ያለ ቀጠሮ እንደመጣ እንግዳ ያየውና ተንከባሎ እስኪወድቅ ይጠብቃል። እህቴ ልጅቷን «ወይዘሪት ጭመቁ» ብላ ስም አውጥታላታለች።

ወይዘሪት ጭመቁ ባለፈው ስትወጣ ደጅ ላይ ቆማ፣ «መጨበጡ አይደለም የሚያሳስበኝ» ብላናለች። «መልቀቁ ነው። አሁን ካላፍታቱት ጅማቱ ያጥርና እንደዚሁ ይቀራል። ኳስ ካልወደዱ የሚወዱትን ስጧቸው። እጃቸው ድሮ ምን ይወድ ነበር?»

እኔና እህቴ ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ጥቅል አየን።

አባቴ ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር። የትኛው አስተማሪ የትኛው ክፍል በየትኛው ሰዓት ይግባ የሚለውን የሚደለድለው እሱ ነው። የሒሳቡ አስተማሪ በአንድ ጊዜ ሁለት ክፍል እንዳይመደብ፣ ስፖርት ልክ ከምሳ በኋላ እንዳይውል፣ የማይነጋገሩት ሁለቱ የሳይንስ አስተማሪዎች ቤተ ሙከራ በር ላይ እንዳይገጣጠሙ። ትምህርት ቤቱ ይህን ኮምፒውተር ሊጥለው ሲል ለምኖ ወደ ቤት አመጣው። ከዚያ ወዲያ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ድልድል ሲወሳሰብባቸው እኛ ቤት ይመጡ ጀመር። ጡረታ ከወጣም በኋላ አላቆመም፤ ያስቆመው ሕመሙ ነው።

እኔ ደግሞ በተማርኩበት አገር ከትምህርቱ ሌላ የያዝኩት ነገር ቢኖር አሮጌ ኮምፒውተር ማስነሳት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ከጡረተኞች ጋር ቁጭ ብዬ እፈታለሁ፣ እበይዳለሁ። እዚያ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የተበላሸው ይከፈታል፣ ይጠረጋል፣ ይነሳል፤ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይወጣና ሌላው ይወርዳል። ስለምወደው ይሁን ጊዜ ስለሚገፋልኝ፣ እስካሁን ለይቼ አላውቅም። የአባቴን መታመም ሰምቼ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ መጀመሪያ የከተትኩት መበየጃዬን ነው። ሻንጣው ዛሬም ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እህቴ ባለፈች ቁጥር ጉልበቷን ይመታታል፤ እሷም መልሳ በእርግጫ ትመታዋለች።

አረንጓዴው ሲጸዳ ሁለት መስመር ተበልቶ አገኘሁ። ከአሮጌ ገመድ ቀጭን ሽቦ መዝዤ ቀጠልኳቸው። ባትሪዋንም በአዲስ ተካሁ። የቀረው ሃርድ ዲስኩ ነው። ይዤው አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ወደሚሸጥበት ተራ ሄድኩ፤ ብሎን የሚሉት ነጋዴ ጋ። ስሙን ያገኘው ጠረጴዛው ላይ ከተቆለለው ብሎን ይሁን ከአንገቱ ማጠር አልጠየቅኩም።

ብሎን ዲስኩን ከአንድ ገመድ ጋር አገናኝቶ ጆሮውን አስጠጋ፤ ወዲያው ፊቱን አጨማደደ።

«ውይ! ይሄማ አማቴ ናት።»

«ማዞሪያው አልቋል።»

«የእሷም አልቋል፣ ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል? ስማ ወንድሜ፣ ካርድ አስገባለትና ተገላገል። ጸጥ ይልልሃል።»

እኔም ያሰብኩት እሱን ነው። በትንሽ ማገናኛ የካሜራ ካርድ በዲስክ ፋንታ መግጠም በዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ ኮምፒውተሩ ልዩነቱን አያውቅም። ካርዱንም፣ ተጨማሪ ሜሞሪም፣ ድምፅ የሌለው ማራገቢያም ይዤ ተመለስኩ። ዲስኩ ላይ ያለውን ድልድል ሁሉ ወደ ካርዱ ገለበጥኩ፤ ያ ዲስክ እየጮኸም ቢሆን እስከ መጨረሻው ታገሠኝ። ከዚያ ፈትቼ ካልሲ ውስጥ ጠቀለልኩትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ አባቴን ጠረጴዛው ፊት አስቀመጥነው።

«አባዬ፣ በል አብራው! ልጅህ ከሞት አስነሳልህ» አለች እህቴ።

በግራ እጁ ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ወዲያው ተከፈተ፤ የድልድሉ ሠንጠረዥ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጥሩ ሥራ ነበር። እነዚያ ጡረተኞች ቢያዩት ያጨበጭቡልኝ ነበር።

አባቴ ስክሪኑን አላየም። በግራ እጁ ቀኝ እጁን እንደ ከባድ ዕቃ ከጭኑ አነሣና የሲፒዩው ጎን ላይ አስደገፈው። ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። ከዚያ እጁን መልሶ አወረደና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«በርቷል እኮ አባዬ» አልኩት።

«ተው» አለ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ወይዘሪት ጭመቁ መጥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ልትከፍት ሞከረች። አባቴ ጥርሱን ነከሰ። እሷም ይዛ የመጣችውን ፈገግታ መልሳ ወሰደችው። «ጠንክሯል» አለች ደጅ ላይ።

እህቴ ወጥ ቤት ገብታ አንድ ሳህን ደጋግማ ታጥብ ጀመር።

«ይህን እጅ የማጥበው እኔ ነኝ» አለች ሳትዞር። «ጥፍሩ መዳፉ ውስጥ ሲገባ አይተሃል? አላየህም። አንተ ሽቦ ነው የምታየው። ነገ ደግሞ ትሄዳለህ።»

«አልሄድም።»

«ሻንጣህ ቆሞ አልሄድም ትለኛለህ?»

«እትዬ፣ እኔ ሠርቻለሁ። ምን ጎደለው? ከድሮው እጅግ ይፈጥናል።»

«ምን አውቄልህ! ድሮ ሲያበራው ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን መብራቱን ካላየሁ መክፈቱንም አላውቅ።»

ይህን ስትል የአባቴ እጅ ታየኝ፤ የዛሬው ሳይሆን የድሮው። ማብሪያውን ተጭኖ መዳፉን ሲፒዩው ጎን ላይ ያሳርፋል። ዲስኩ አቃስቶ፣ ጮኾ፣ አንድ ልክ ላይ እስኪረጋ አይነካካም። ልጆች ሆነን ስንገባበት «ገና እየተነሳች ነው፤ አትረብሹ» ይለናል፣ ልክ የታመመ ሰው እንደተኛ። ጩኸቱ ሲረጋ ብቻ ነው ኪቦርዱን የሚነካው። ሰሞኑን እጁን አስደግፎ የጠበቀው ያንን ነበር። እኔ ደግሞ ፈትቼ ካልሲ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ነገሩን ለእህቴ ነገርኳት።

«እና መልሰው!»

«እሱ ከተመለሰ አንድ ቀን መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ያኔ ድልድሉም አብሮ ይሄዳል።»

መሳቢያውን ከፍቼ ዲስኩን አወጣሁት። ዲስክ ሁለት ገመድ አለው። አንዱ ኤሌክትሪክ ያመጣለታል፤ ሌላው፣ ሰፊው፣ መረጃ ያመላልሳል። ዲስኩን ድሮ ቦታው ላይ አሥሬ የመጀመሪያውን ብቻ ሰካሁለት። ሰፊውን ለካርዱ ተውኩት።

እህቴ ከጀርባዬ ቆማ ታያለች። «አሁን ይሄ ምን ይሠራል?»

«ይዞራል።»

«ሌላስ?»

«ይጮሃል። ይሞቃል።»

«የሚጠይቀው ሰው የለም?»

«የለም።»

«እንዳንተ በለኛ» አለች። ሳቀች። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል።

ክዳኑን ሳጠብቅ ግን እጄ ቆም አለ። የታመመን ሰው በባዶ ጩኸት መደለል ምን ይባላል? ብሎኑን አጥብቄ ጨረስኩ።

አባቴን እንደገና አስቀመጥነው። እምቢ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ እህቴ ግን ግራ እጁን ይዛ ማብሪያው ላይ አደረሰችው። ተጫነ።

ዲስኩ መጀመሪያ አቃሰተ። ከዚያ እንደሚሳል ሰው ተንገዳገደና እየጮኸ ወደ ላይ ወጣ። ሲፒዩው በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ የውሃው ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ መንጫጫት ጀመረ። እህቴ ልትይዘው እጇን ስትዘረጋ አባቴ «ተይ» አላት። ቀኝ እጁን አንሥቶ ጎኑ ላይ አስደገፈው። ስክሪኑ ከተከፈተ ቆይቷል፤ ቀና ብሎም አላየው። ጩኸቱ ወጥቶ ወጥቶ አንድ ልክ ላይ ሲረጋ «አዎ» አለና እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ።

ጠቋሚ ጣቱ አንድ ፊደል ላይ ወደቀ።

ምምምምምምምምምምምም

«ምን እያለ ነው?» አለችኝ እህቴ በሹክሹክታ።

«ምንም። ጣቱን ማንሳት አቅቶት ነው።»

ፊደሉ የሒሳቡን አስተማሪ ሳጥን ሞላ። ኮምፒውተሩ ቢፕ፣ ቢፕ ይል ጀመር። እህቴ ልትረዳው ስትል ክንዷን ያዝኩት። የአባቴ መንጋጋ ተወጥሯል፤ ላብ ከጆሮ ግንዱ ወርዶ አንገትጌው ውስጥ ገባ። ቢፕታው ቀጠለ። ክንዷን የያዝኩበት እጄ ሲጠብቅ አይቻለሁ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

ከዚያ ቢፕታው ቆመ።

ጣቱ በአየር ላይ ነበር። ከፍታው ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም፤ ይንቀጠቀጣል፤ ግን በአየር ላይ ነበር። አባቴ አየው። ከዚያ መልሶ ተጫነ። ቆይቶም መልሶ አነሣ።

እህቴ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም። እኔ መዳፌን ዲስኩ ባለበት በኩል አሳርፌ ሙቀቱን ለካሁ። የሚመጣብኝ ስሜት ይኖር ይሆን ብዬ ትንሽ ቆየሁ። ሞቅ ያለ ቆርቆሮ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ጠዋት ጠዋት ድልድል ይሠራል። የሚያስተምርበት ሰው የለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት ጡረታ የወጡትን አስተማሪዎች ከክፍል ክፍል ያዛውራል። ወይዘሪት ጭመቁ መጥታ ሌሎቹን ጣቶች ሳትነካ አውራ ጣቱን ብቻ ከፈተችው፤ ኳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ «ይህንን ይቀጥሉ አባባ» አለችው። እሱም «አዎ» አላት። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል አላለችም። እንደዚሁ ይቀራል ማለቱን ግን ትታለች።

ዲስኩ ግን አንድ ቀን ድምፁ ተለወጠ። በጩኸቱ መሀል ቀጭ፣ ቀጭ ይል ጀመር። አባቴ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና ወደ እኔ ዞረ። ጫማዬን አድርጌ ወደ ተራው ሄድኩ።

«ካርዱ አስቸገረህ?» አለኝ ብሎን።

«ካርዱ ደኅና ነው። ዲስክ ፈልጌ ነው። የሚጮህ።»

«የማይጮህ ማለትህ ነው።»

«የሚጮህ። ባይሠራም ግድ የለኝም። ብቻ ይዙር።»

ብሎን የያዘውን ካቻቢቴ አስቀመጠ። «ሰው ሁሉ የሚሠራ አምጣ እያለ አንገቴን ያንቀኛል...»

«የትኛውን አንገትህን?»

«አፍህን ዝጋ!» ብሎ እየሳቀ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። «በል፤ ይኸው የሟቾቹ ክምር። የወደድከውን ምረጥ። አማቴንም ልመርቅልህ?»

አንድ በአንድ ከገመዱ ጋር አገናኘኋቸው። የመጀመሪያው ጭራሽ አልተነቃነቀም። ሌላው አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። አንዱ ግን አቃሰተ፣ ተንገዳገደ፣ መውጣት ጀመረ። መዳፌን አሳረፍኩበት።

«እህስ?» አለ ብሎን። «ይሄ ይሆናል?»

«ቆይ።»

«ምን ልቆይ? ይኸው እየጮኸ አይደል?»

«ገና እየተነሳች ነው» አልኩት። እጄንም አላነሳሁም።