ድምፁ ዜሮ ላይ

ወንድሜ ሮብሳን ስፒከሩን ይዞ ሲመጣ እማ «ይሄ ስንት ዓመት ይቆያል?» አለችው። «አሥራ አምስት!» አለ፣ ራሱ የፈበረከው ይመስል። ቡሬ ከተማ አስተማሪ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ከደመወዙ ቆጥቦ ነው ሁለት ሳጥንና አንድ አምፕሊፋየር አስጭኖ መቱ የገባው። አራት ወር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አስጨፈረን። ከዚያ ከቡሬ ሲመለስ የተሳፈረበት ሞተር ተገለበጠ።

ከቀብሩ ማግስት እማ ስፒከሩን በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ማንም አይነካውም። በኛ ሰፈር ከሐዘን ቤት ዘፈን ከተሰማ፣ ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። አልነካሁትም። አላለቀስኩምም። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል፤ ምን እንደሚወጣ እንጃ።

ክረምት ገባ። የመቱ ክረምት ጫማን አልጋ ሥር ያሻግታል። አንድ ቀን ጨርቁን ገለጥ ባደርግ ሳጥኑ አረንጓዴ አብቅሏል። ራዲዮ ጠጋኙ ጋሼ መክብብ ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ያልተጫወተ ስፒከር ስንት ዓመት ይቆያል?»

«እዚህ አገር? ሁለተኛውን ክረምት ከተሻገረልሽ ስለት አግቢ።»

«ሐዘን ላይ ነን እኮ።»

«እርጥበት ሐዘን ያውቃል? በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት አብሪው። ድምፁን ዜሮ አድርጊ፣ ሙቀቱ ይበቃዋል።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ እማ ገበያ ስትወጣ አበራዋለሁ። የሮብሳን ፍላሽ እንደተሰካ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ሰማያዊው ቁጥር ብቻ ይቀያየራል። ውኃ እስኪፈላ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። የትኛው ቁጥር የትኛው ዘፈን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በቃ፣ ማወቅ ብቻ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ጎረቤታችን እትዬ ሻሽቱ፣ እኛ ጋ የቀረውን የእድር ድስት ሊወስዱ ሳያንኳኩ ገቡ።

«ኤዲያ! ዓመቱ ሳይሞላ ዘፈን?»

«ዘፈን ሰሙ እንዴ እትዬ?»

«መብራቱን እያየሁት!»

«በመብራት ይጨፈራል?»

«ይቺ ምላስ! የወንድምሽ አፈር ሳይደርቅ!»

እማ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደደረሰች አላየሁም።

«በየነች፣ ልጅሽ ልታሰድብሽ ነው» አሏት እትዬ ሻሽቱ። «ነገ እድር ላይ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«እማ፣ ማሎ፣ እባክሽ» አልኩ። «ካልሞቀ ይበሰብሳል። ዛሬ ካጠፋሽው ለሙት ዓመቱ አይደርስም። ጋሼ መክብብን ጠይቂ።»

እማ ዘንቢሏን አስቀመጠች። መጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«ይሞቃል» አለች።

«አጥፊው እንጂ በየነች!»

«ሻሽቱ፣ ድምፅ አለው?»

«የለውም፣ ግን ሰው ቢያይ…»

«እንግዲያ በሩን ዝጊና ተቀመጪ።»

እትዬ ሻሽቱ በሩን ዘግተው ተቀመጡ። ቁጥሩ ዘጠኝ ላይ ነበር። ዘጠኝ ረጅም ዘፈን ነው። እማ መዳፏን አላነሳችም።

«ስንት ይበቃዋል አለሽ መክብብ?»

«አንድ ሰዓት።»

«ሁለት ይሁን» አለች።

እትዬ ሻሽቱ ድስቱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አሥር ቁጥር እስኪመጣ አብረውን ጠበቁ።