ዘንጉ የተሰበረበት ቦታ

ዘንጉ ከእርሳስ አይረዝምም፤ ማሽኑ ግን ያለ ዕረፍት ወዲያና ወዲህ ያጎብጠዋል። አሥር ሚሊዮን ጊዜ ጎንበስ ቀና ብሎ ካልተሰነጠቀ ፈተናውን አለፈ ይባላል። ብረት ቀማሚዋ ከታይታኒየም የቀመመችው ሦስተኛው ዘንግ ስድስት ሚሊዮን ላይ ሲደርስ እንደ ሁለቱ ታላላቆቹ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

"ኤጭ" አለች። ከዚያ በላይ መራገም አልቻለችም፤ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣለች።

እናትየው ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ዳሌዋ ውስጥ የገባው ብረት ጠንካራ ነበር፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ስለያዘው፣ አጠገቡ ያለው አጥንት እንደ ሞላለት ቤት ልጅ ሥራ ፈቶ ሳሳ፤ ብረቱም ይላወስ ጀመር። ሐኪሙ ያንኑ ግትር ብረት መልሶ ማስገባት አልፈለገም። ጠንክሮም እንደ አጥንት የሚለመጥ ብረት ከተገኘ በሚቀጥለው ዓመት በሕሙማን ላይ በሚደረገው ሙከራ ውስጥ እንደሚያስገባት፣ ካልተገኘ ግን ክራንቿን እንድትለምደው ነግሯታል።

ልጅቷ ቅመማውን እንደገና ልትለውጥ ወረቀቷን ሳበች። እናቷ ስብርባሪዎቹን መዳፏ ላይ ደርድራ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ገፋች።

"ይሄ መሃሉ ላይ የተጠቀጠቀው ምንድን ነው?"

ቁጥር ነው አለቻት። የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ ቁጥር ያልተመታበት ዕቃ አይገባም አይወጣም ባይ ነው። ድሮ የግትሩ ብረት ዘንጎች ላይ ሲመታ ምንም ስላልሆነ ማንም ነገሬ አላለውም።

"ልጄ፣ ጨርቅ የሚተረተረው መርፌ በወጋው በኩል ነው። ሦስቱም የተሰበሩት ቁጥራቸው ላይ ነው።"

ልጅቷ አጉሊ መነጽር አነሳች። ስንጥቁ የተነሳው ከሰባት ቁጥር እግር ሥር ነበር። ብረት ጭረት ባለበት እንደሚሰነጠቅ ትምህርት ቤት ተምራለች፤ ተፈትናም አልፋበታለች።

ኃላፊው ቁጥሩን ጫፉ ላይ በቀለም እንዲጽፍ ለማሳመን ሁለት ደብዳቤና አንድ ልመና ፈጀ። ቅመማው ቅንጣት ሳይነካ አራተኛው ዘንግ ማሽኑ ላይ ወጣ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናትየው ክራንቿን ተደግፋ ስትመጣ ቆጣሪው አሥር ሚሊዮንን አልፏል፤ የሚያስቆመው ጠፍቶ ገና ይቆጥራል። ዘንጉ ደህና ነው። ልጅቷ ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ጠረገችና ሐኪሙ ጋ ደወለች።

"ተመዘገብሽ እማዬ።"

እናትየው ወደ ንብረት ክፍሉ በር ገልመጥ አለች።

"መመዝገቡንስ ይመዝግቡኝ፤ ቁጥሩን ግን በቀለም ይሁን በይልኝ።"